የማማ ቲና ደጅ ኒሞች

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ጁባም ዝናብ ገብቶላታል። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ እዮብ ነው፤ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትል ይሆናል። ድምፅህን እየሰማሁ ልናገረው የምችለው ነገር ስላልሆነ ነው።

ከወንዙ ድልድይ ወዲህ ያለውን የጉምቦ ሰፈር መንገዳችንን መቼም አትረሳውም። ከአስፋልቱ ታጥፎ እስከ ውሃ ፓምፑ ድረስ ግራና ቀኙ የኒም ዛፍ ነው፤ መኪና ከገባም ፍየሎቹ ከመሃል እስኪነሱ ቆሞ ይጠብቃል። አንተ አገር ቤት ከገባህ ወዲህ የስፌት መኪናዬን በረንዳ አውጥቼ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እውላለሁ። ጥላው ባይኖር የጁባን ፀሐይ ማን ይችለዋል?

ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት ስንነሳ ግንዶቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘን። በድሉ የሚባል የአገራችን ሰው የከባድ መኪና ማቆሚያና ማጠቢያ ሊከፍት ኖሯል። ቤቴ ድረስ መጣ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «እህቴ፣ አንቺንም እኮ ከመርፌ ያወጣሻል፤ ሾፌር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ምግብ ቤት ክፈቺ» አለኝ። ስንጥሩን ደጄ ላይ ተፍቶት ሄደ። የአገሬ ሰው በመሆኑ አፈርኩ።

አከራያችን ማማ ቲና ሰፈሩን ጠራች። ኒሞቹን የተከሉት ሟቹ ባሏ ናቸው። ጋምቤላ ያደገው ጎረቤታችን ስምኦን እያስተረጎመልኝ፣ ሃያ ሁለት ቤት መንገዱ እንዳይነካ ተስማማን፤ መጻፍ የማይችለው ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ወረቀቱን ይዘን የሰፈሩ አለቃ፣ ሱልጣኑ ዘንድ ሄድን።

በድሉም ተጠርቶ ነበር። ሱልጣኑ ማን ፈቀደልህ ሲሉት ከላስቲክ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። የመግቢያው ቤት፣ ማለት የኛው ቤት፣ ከፊቱ ስምንት ሜትር ለመንገዱ ማስፊያ ለቋል ይላል፤ ከሥሩ «የቤቱ ባለቤት» ተብሎ ተፈርሟል። ማማ ቲና የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ እኔ አልፈረምኩም ብላ ጮኸች። ሱልጣኑ ነዋሪዋ እኔ ስለሆንኩ ወረቀቱን ሰጡኝና ይህን እጅ ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አባታችን ካረፉ ጀምሮ በየዓመቱ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ በወላጅ ቦታ ሲያርፍ ያየሁት ፊርማ ነበር።

አላውቀውም አልኩ።

ሱልጣኑ ነገሩ እስኪጣራ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። በድሉ ግን ወረቀት አለኝ ብሎ በማግስቱ መጋዝ አስገባ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ዛፍ ወደቀ። በሳምንቱ መኪኖቹ መጡ። ሾፌሮቹ የማማ ቲና የሸምበቆ አጥር ላይ ይሸናሉ። የማጠቢያው ውሃ ቅባቱን ይዞ እስከ ፓምፑ ይወርዳል፤ ልጆች ከላዩ የሚንሳፈፈውን በእጃቸው እየገፉ ይቀዳሉ። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ቀና ሳልል ጥላሸት ያርፍበታል። የናፍጣና የሽንት ሽታ እህል አላስበላኝ አለ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ማማ ቲና አጥሯ ላይ ውሃ ስትደፋ ቆይታ ወደ እኔ መጣች። ስምኦን የተረጎመልኝ፣ «ወንድምሽ እዚህ ቢኖር ኖሮ ይህን አይፈቅድም ነበር ትላለች» ብሎ ነው። ስፌቴን ትቼ ጓሮ ገባሁ። በድሉን ተጸይፌ ሳበቃ፣ ለካ እኔም ከእሱ አልሻልም።

በቀጣዩ ማክሰኞ ራሴ ለምኜ ማማ ቲናንና ስምኦንን ይዤ ሱልጣኑ ዘንድ ተመለስኩ። ያን ቀን ዋሽቻለሁ፣ እጁን አውቀዋለሁ፣ የፈረመው ተከራይ የነበረ ሰው ነው፣ ባለቤት አይደለም አልኩ። ስምኦን ቶሎ አልተረጎመም። በአማርኛ ቀስ ብሎ፣ «እርግጠኛ ነሽ? አንዴ ካልኩት አይመለስም» አለኝ። ተርጉመው አልኩት።

ሱልጣኑ የበድሉን ወረቀት ሻሩት፤ መኪኖቹም በሦስተኛው ቀን ወጡ። አሥራ አንድ ኒም ተርፏል። የተቆረጡት ጉቶ ሆነው እንደ ጥርስ ፈጥጠዋል፤ የቅባቱ ሽታም በዝናብ አልታጠበም። ስንመለስ ማማ ቲና እጄን ይዛኝ «ማፊ ሙሽኪላ» አለችኝ፤ ምንም አይደለም ማለቷ ነው። ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም። አላስወጣችኝም፤ የኪራይ ውሉን በስሜ አደረገችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ወንድሜ ጠይቃኝ አታውቅም።

በድሉ ያንን ሰው በምን እንደደለለው ማወቅ አልፈልግም። አንተም እንዳትጽፍልኝ።

ልጆቹን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ወገብህን ይጠግንልህ፤ ልብም ይስጥህ። ለገና እመጣለሁ ማለትህን ሰምቻለሁ። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ከተማው ውስጥ ጥሩ ጥሩ ሆቴል አለ። እዚያ እረፍ፤ እኔው ተሻግሬ አይሃለሁ።

ታናሽ እህትህ