ከዛፉ ሥር ያለው ቦታ

ይድረስ ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለላሩሲ፣
ማርሴይ።

የአላህ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። ለመሆኑ እንዴት ነህ? እንቅልፍህስ? ምግቡ ይበላልሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ትከሻህስ እንዴት ነው? ይህን ስጠይቅህ አትደንግጥ። ጎረቤትህ ሼድሊ በሐሩሩ ወራት ለዕረፍት መጥቶ ሁሉንም ነግሮኛል። በጃንዋሪ ከግንባታው መወጣጫ ላይ እንደወደቅህ፣ አጥንቱ ከገጠመ በኋላም ከክፍልህ እንደማትወጣ ሰምቻለሁ። አሠሪህ ክንድህ እስኪጠና በመጋዘኑ መሣሪያ እያደልክ እንድትቆይ ቢጠይቅህ «እኔ ግንበኛ ነኝ እንጂ መጋዘን ጠባቂ አይደለሁም» ብለህ መልሰኸዋል አሉ። ቦታው የሚጠብቅህ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ብቻ መሆኑንም አውቃለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት እኔ ራሴ ሳልነሣ አንተን ተነሥ ማለት አሳፍሮኝ ነው። ደብዳቤው ረዘም ይላልና ሻይህን ቅዳና ተቀመጥ። መቀመጡን እንደሆነ ተክነህበታል።

የኔን አወዳደቅ በስልክ ሰምተሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ማንም በቅጡ አልነገረህም። ባለፈው ዓመት የቆረጣ ወራት ከዛፉ ጫፍ ሆኜ የቴምር ዘለላ ስቆርጥ የረገጥኩት የቅጠል ጉቶ በስብሶ ኖሮ ከዳኝ። አላህ ሳይደግስ አይጣላምና ያረፍኩት የመስኖው ጭቃ ላይ ነው። ጭኔ ተሰበረ፣ ተረከዜም ተሰነጠቀ። ሐኪም ቤት ብረት አስገብተው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ።

ከስብራቱ የባሰው ጠያቂው ነበር። ሁሉም ብርቱካን ይዞ ይመጣና አንድ የወደቀ ሰው ታሪክ ትቶልኝ ይሄዳል። እገሌ ወድቆ ሳይነሣ ቀረ፣ እገሌ እስኪሞት በምርኩዝ ሄደ። አክስት ማህቡባማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ልጄ፣ ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው፤ አርፈህ ተኛ» አለችኝ። ሚስቴ ነጅያም በፍቅር ብዛት ውኃ እንኳ ራሴ እንዳልቀዳ ከለከለችኝ። ነፋስ ያግኘው ብለው አልጋዬን ሽማግሌዎች ወደሚውሉበት ወደ መግቢያው ክፍል አወጡት። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ በር ጠባቂ ሆንኩልህ።

ሐኪሙ መቼ ወደ ሥራ የምመለስ እንደሚመስለኝ ሲጠይቀኝ «በአንድ ወር ውስጥ ዛፉ ጫፍ ላይ ታገኘኛለህ» ብዬው ነበር። ወሩ ሲሞላ ቤቱ ጭር ያለበትን ሰዓት ጠብቄ በምርኩዜ እየተጎተትኩ ወደ እርሻችን ሄድኩ። ግንዱን አቅፌ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ሌላው እምቢ አለ። ነጅያ ፈልጋ ስታገኘኝ ግንዱን እንዳቀፍኩ አለቅስ ነበር። ይህን ከእሷና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ «አበቃ» ሆነ።

በኋላ ራውዳ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መምጣት ጀመረች። የነፍታ ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷም ዛፍ ወጪ ነበር። እግሬን እያጠፈችና እየዘረጋች ሥራ መቼ እንደምጀምር ጠየቀችኝ። «ኢንሻአላህ» አልኳት፣ ሰው ከነገር ሲሸሽ እንደሚለው። «ኢንሻአላህ የእሱ ነው፤ ያንተን ንገረኝ» አለችኝ። የአንድ ወሩንም፣ የ«አበቃ»ውንም ነገርኳት። ሣቀችብኝ። «የመጀመሪያው ጉራ ነው፣ ሁለተኛው ኩርፊያ ነው። ቀን ግን አልሰጠኸኝም ወንድሜ» አለች። ከዚያ ሥራዬን ከመሬት እስከ ጫፍ እንድዘረዝርላት አዘዘችኝ። ስዘረዝረው ለካ መውጣት የሥራው አንድ ቁራጭ ነው። የወንዱን ቴምር አበባ ለማዳቀያ መሰንጠቅ አለ፣ ውኃ መልቀቅ አለ፣ ዘለላ መቀበል አለ። ለእያንዳንዱ ቀን ቆረጥንለት። አንዳንዱ ቀን አለፈብኝ፤ በማርች ቆሜ እሰነጥቃለሁ ያልኩትን አበባ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሰነጠቅኩት። እሷም ሳትቆጣ አሮጌውን ቀን ሰርዛ ሌላ ጻፈች።

የዘንድሮው ቆረጣ ሲደርስ ፈተናው መጣ። እንደምታውቀው ወንዶቹ ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ዘለላውን ከእጅ ወደ እጅ ያወርዳሉ፤ ጫፉ የቆራጭ ነው፣ ሥሩ የሽማግሌና የለማጅ። አሥራ ስምንት ዓመት ጫፉ የኔ ነበር። አጎት ብራሂም ሲያየኝ «አንተ ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። በደግነት ነው። «ሥር እቆማለሁ» ብዬው ከግንዱ ሥር ገባሁ። አሁን ጫፉን የያዘው እኔው ያስተማርኩት የአጎታችን ልጅ ዙሄይር ነው። የመጀመሪያውን ዘለላ ሲለቅ ከላይ ሆኖ «አያቴ፣ እንዳይከብድዎት!» አለ። ሰው ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። ላሩሲ፣ ፊቴ እሳት ሆነ፤ ጥዬ ልሄድ ነበር። ግን ዘለላው እየወረደ እጄ ላይ ደረሰ፤ ከባድ ነበር፣ መጣልም አይቻልም። አጎንብሼ ምንጣፉ ላይ አኖርኩትና «ፈጠን በል እንጂ ልጄ፣ እንቅልፌ መጣ» አልኩት። ያን ጊዜ ሣቁ ወደ እሱ ዞረ፣ ሥራውም ቀጠለ።

በሦስተኛው ሳምንት ከመሬት አንድ ሰው ቁመት ያህል ወጥቼ ቆምኩ፤ ትናንት ደግሞ ሁለት። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ማምሻው ያብጣል። ወደ ጫፉ ምናልባት አልመለስም፤ ራውዳም አልዋሸችኝም። ብቻ ጠዋት ሠራተኛ ሲጠራ እኔንም ይጠሩኛል፤ ሲደክመኝም የሠራ ሰው ድካም ነው የሚደክመኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። መሣሪያ ማደል ግንበኝነት አይደለም፤ እውነትህን ነው። ነገር ግን ግንበኞቹ ጠዋት ጠዋት የሚያልፉት በመጋዘኑ በኩል ነው። ሲገቡ ትቀልድባቸዋለህ፣ ይቀልዱብሃል፤ ክንድህም የቱን ያህል እንደሚነሣ አካፋውን ስታቀብል ታየዋለህ። ክፍልህ ውስጥ ከዋልክ ግን ሕመሙ ከራሱ በላይ ይገዝፍብሃል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ሰኞን አትለፋት፤ ሄደህ አሠሪህን «እሺ» በለው። ካሳፈረህ እፈር፤ እፍረቱ ከአሥር ቀን አይበልጥም፣ ቆጥሬዋለሁ።

ነጅያ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ልጄ ሂንድ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የማርሴይ ባሕር ያለበት ፖስትካርድ ላክልኝ ብላለች። አጎት ብራሂም ሰላም ብሎሃል። ዙሄይርም ሰላም ይልሃል፤ ላንተ የሚሆን ቅጽል ስም እየፈለገ ነው። አክስት ማህቡባ አርፎ ይተኛ ብላለች፤ እሷን እንዳትሰማ።

የቀረችው እማ ናት። እስከ ትናንት ድረስ ሥራ ላይ ያለህ ይመስላት ነበር። እንዳይነግራት ሼድሊን አስምለኸዋል፤ እኔን ግን አላስማልከኝምና ነገርኳት። ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ አለች፦ «ተቀምጦ ከሚዋሸኝ፣ ባንድ እጁ ቢሠራ ይሻለኛል። የትኛው ትከሻው እንደሆነም ይጻፍልኝ፤ ዱዓ ሳደርግለት ልወቀው።»

ወንድምህ ምስባህ
ቶዘር፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1996