ለአባቴ ያልደረሰው ማስታወቂያ

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1977
በእናቴ አቆጣጠር የአሥራ ሁለተኛዋ ጨረቃ የመጨረሻ ቀን

ለክቡር ፕዮ ቻንግዶ
የጥጥ ፈትል ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ዴጉ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ለእርስዎ ጤና፣ ለወላጅ እናትዎ ጉልበት፣ ለባለቤትዎም ወገብ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ወገባቸውን ያነሳሁት እሑድ ዕለት ምድጃው አጠገብ ብዙ ሲያጎነብሱ ስላየኋቸው ነው፤ ወደዚያው እመለሳለሁ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የመጣሁ፣ ሰው ፊት ስቆም ቃል የሚጠፋኝ ልጅ ነኝ። ቀኑን እንኳ እንዴት እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም ጻፍኩት፤ የእርስዎን ከላይ፣ የእናቴን ከታች። ማን ከላይ መሆን እንዳለበት እዚህ በሠራሁበት ጊዜ በሚገባ ተምሬአለሁ።

ስሜ ጉ ጆምሬ ይባላል። በሁለተኛው አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው የመፍተያ ማሽን መደዳ ወዲያና ወዲህ እየሄድኩ የተበጠሰ ክር የምቀጥል ነኝ። ትንሿ እህቴ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ መደዳ ደመወዝ ነው። እርስዎ ምናልባት ፊቴን አያውቁት ይሆናል፤ ሁላችንም በነጭ ሻሽና በጥጥ ብናኝ ስንሸፈን አንድ ስለምንመስል አልቀየምም።

ደብዳቤውን በምግብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎ ለእኛ የሚጽፉት ሁሉ እዚያ ስለሚለጠፍ፣ እኛም ለእርስዎ የምንጽፈው ሌላ ቦታ ቢሄድ ነውር ይሆናል ብዬ ነው። ከጎኑ ያለው የእርስዎ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፤ አዲስ ዓመት በጃንዋሪ አንድ ተከብሯል፤ በጨረቃ የሚቆጠረው የድሮው አዲስ ዓመት ነገ ዓርብ ቢውልም ቀኑ የሥራ ቀን ነው፤ አንዱን በዓል ሁለት ጊዜ ማክበር የአገር ሀብት ማባከን ነው፤ ነገ የቀረች ሠራተኛ ወደ ማሽኗ አትመለስም። አጭርና ግልጽ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ማስታወቂያ ያልደረሰው አንድ ሰው አለ፤ እሱም አባቴ ነው።

አባቴ ባለፈው መኸር፣ ነጭ ሽንኩርቱን ተክሎ በጨረሰ ማግስት ሞተ። ነገ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው አዲስ ዓመቱ ነው፤ እንደ ሙታን ሁሉ በዕለቱ ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚቀመጥበት የመጀመሪያ ገበታው። እናቴ ወንድ ልጅ አልወለደችም፤ እህቴ ደግሞ ጽዋ ይዛ ለመንበርከክ ገና ትንሽ ናት። በሩን የምከፍትለትና መጠጡን የምቀዳለት እኔ ነኝ። ጉዳዬ ይኸው ብቻ ነው። የቀረውን እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ትእዛዝዎን ሳልሞክረው ነው የማማርረው እንዳይሉኝ። በዲሴምበር መጨረሻ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በድምፅ ማጉያው «የሞቱት አያቶቻችሁም ይረዱታል! በጃንዋሪ አንድ እንዲመጡ ንገሯቸው!» ባሉ ጊዜ ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም፤ አመንኩዎት። በመንግሥት ወረቀት ላይ እረፍቱ ሦስት ቀን ነበር፤ ጭነት ስለበዛ ወደ አንድ ዝቅ አድርገውልናል፤ በመንገድ እንዳንደክም ብለው እንደሆነ ይገባኛል። በዚያችው በአንዷ ቀን ኡይሰንግ ወዳለው መንደራችን ሄድኩና እናቴን «ኩባንያው ዛሬ ነው ብሏል» አልኳት። እናቴ ኩባንያ የሚለውን ቃል ስትሰማ አንገቷን ትሰብራለች። ምንም ሳትከራከር ገበታውን ዘረጋች፤ የሩዝ ቂጣ ሾርባውን፣ ደረቁን ዓሣ፣ ፖሙን ደረደረች። በሩን ከፈትን። ነፋስ ገባ። የጎረቤት ዶሮም ገባች። ከዚያ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ቆማ አየችንና፣ «ውይ በሞትኩት! ጃፓኖች ሲገዙን ያመጡብንን በዓል ማክበር ጀመራችሁ እንዴ?» አለች።

እናቴ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ሾርባው እስኪቀዘቅዝ በሩን እያየች ተቀመጠች። «ሰውዬው መቼ ያለ ቀኑ ሰው ቤት ገብቶ ያውቃል?» አለች በመጨረሻ። «ገበያ እንኳ በቀኑ ካልሆነ አይሄድም ነበር። አልሰማም ማለት ነው እንግዲህ።» ሾርባውን እኔና እህቴ በላነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ምንም ሳይቀምስ ነው ያለው። ክቡር ሆይ፣ ሙታን በእርስዎ የሥራ ቁጥጥር ሥር አለመሆናቸውን በዚህ መንገድ ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ፈቃድ ልጠይቅ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ስለማመደው የሰነበትኩት ንግግር በሩ ላይ ጠፋኝና «አባቴ» ብቻ ብዬ ቆምኩ። እርስዎ ግን በርኅራኄ ጨረሱልኝ፤ «ፈቃድ ነው የምትፈልጊው? በጃንዋሪ በልተሽ የለ እንዴ? ሆድሽ ስንት ነው አንቺ?» ጸሐፊዎ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እርስዎም ቀጥለው፣ «አንቺ ስትቀሪ መደዳሽ ይቆማል፤ መደዳው ሲቆም ፋብሪካው ይቆማል፤ ፋብሪካው ሲቆም አገር ይቆማል!» አሉኝ። አገር በእኔ ላይ መቆሙን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። አንድ ያልገባኝ ነገር ቢኖር፣ አገር የተሸከመ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ እጁን አውጥቶ ማስፈቀዱ ነው።

ሦስተኛው ስለ ምርታማነት ነው። ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። ትርጉሙን አልጋ የምትጋራኝን እትዬ ቦንጊምን ብጠይቃት፣ «ውሃ ሳይጠጡ መዋል ማለት ነው፤ ካልጠጣሽ ሽንት ቤት አትመላለሺም» አለችኝ። እኔ ግን አምና በዚሁ በጨረቃው አዲስ ዓመት ቀን ያየሁትን ብናገር ይሻላል። ያን ቀን አንዲት ሠራተኛ አልቀረችም፤ በሰልፉ ላይም አመሰገኑን። ከዚያ ከአዳራሹ ጥግ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶ በፈትል ቤት እንደ ጉንፋን ነው፤ ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ሦስተኛዋ፣ ወደኔም መጣ። በእንባ የተሞላ ዓይን ደግሞ ክር አይቀጥልም፤ ይቋጥራል እንጂ። ያን ዕለት የፈተልነው ሁሉ አባጣ ጎርባጣ ሆኖ ከሽመናው ክፍል ተመለሰ፤ እርስዎም «ስንፍና በደማችን ውስጥ ነው» አሉ። ማሽኑ ግን አልቆመም። ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። ቀኑን ሙሉ እየዞረ ማንም የማይሸምነው ክር ሲፈትል ዋለ። በሰሌዳው ላይ የምርቱን መጠን የምታሳየው ቀይ መስመርም ያን ቀን ሽቅብ እንደወጣች እስከ ዛሬ አልወረደችም።

በመንደራችን በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት የተኛ ሰው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ያድራል ይባላል። አባቴ፣ እኔና እህቴ እንቅልፍ ሲጥለን ቅንድባችንን ዱቄት ይቀባና ጠዋት መስታወት እያሳየን፣ «እማማ፣ ከየት መጡ? እርስዎን አናውቅዎትም!» እያለ ያስለቅሰን ነበር። እዚህ ግን ሳንተኛ አድረንም ቅንድባችን በብናኝ ይነጣል። አባቴ ለአንድ ቀን ያደረገውን እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ማድረግዎ በእርግጥም የምርት እድገት ነው።

አራተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ባለፈው እሑድ፣ በወሩ ውስጥ ካሉን የእረፍት እሑዶች በአንዱ፣ የማደሪያችን ኃላፊ መጥተው «ጆምሬ፣ ተነሺ፤ ንጹሕ ልብስ ልበሺ» አሉኝ። የተወሰድኩት ወደ መኖሪያ ቤትዎ ነበር። በማድ ቤትዎ መስኮት ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በምስማር ተመትቷል። ከብርድ ልብሱ በስተጀርባ፣ በዚህ ውርጭ እስከ በዓሉ የሚቆይ ዓሣ በዱቄትና በእንቁላል እየነከርኩ ስጠብስ ዋልኩ። ለማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገም። ለሙታን የሚጠበስ ዓሣ እንዴት እንደሚቆረጥ ከእናቴ ተምሬአለሁ።

እርስዎም ማራገቢያ ይዘው ጭሱን ወደ ውስጥ እየመለሱ፣ «ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ! ያንን ጥግ ሸፍኑት!» ይሉ ነበር። ያኔ ወላጅ እናትዎ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ ከመንግሥት ደብቅ፤ ከአባትህ ነው እንዴ የምትደብቀው? ሽታው ካልደረሰው ቤቱን በምን ያገኛል?» አሉ።

«እማዬ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ!»

«ምን ቀስ እላለሁ! በጃንዋሪ የመጣ ሙት አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ እኔን አዩኝና፣ «ይቺ ልጅ እየሰማች አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤትዎ ቀና ሳይሉ መለሱላቸው፤ «አይስጉ እማማ። አፍ የላትም። ለዚህ አይደል የተመረጠችው።»

ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ አፍ የለኝም።

የዓሣው ዘይት የሚመጠጥበት ወረቀት ባጣን ጊዜ ደግሞ፣ በከተማው ሊበተን ታትሞ የተረፈው «አንድ አዲስ ዓመት ይበቃናል» የሚለው ወረቀት በጥቅል መጥቶ ከሥሩ ተነጠፈ። ቀለሙ ርካሽ ኖሯል። ዓሣውን ሳነሳው ሆዱ ላይ «ይበቃናል» የሚለው ተገልብጦ ታትሞበት አየሁ። ለእርስዎ አባት እንግዲህ ማስታወቂያው ደርሷቸዋል፤ ነገ ጠዋት ገበታቸው ላይ ሆነው ያነቡታል። ፋብሪካው ግን ከዚህ ሰሌዳ በስተቀኝ በተለጠፈው ወረቀት፣ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ነገ ለጭነት ጉዳይ ቡሳን ወደብ እንደሚውሉ ያበስረናል።

በአባትዎ ቀንቼ እንዳይመስልዎት። ዓሣቸውን እንዳይፈርስ ተጠንቅቄ፣ ለራሴ አባት እንደማደርገው አድርጌ ነው የጠበስኩት። እሳቸው የሚመጡበትን ቀን ከወለዱት ልጅ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ቦንጊም ባነበብኩላት ጊዜ፣ «አብደሻል? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? ከነገ ወዲያ መደዳሽ ላይ ሌላ ልጅ ነው የምትቆመው!» ብላ ጮኸችብኝ። አውቃለሁ አልኳት። እህትሽስ ስትለኝ የደብዳቤውን እጥፋት ደግሜ አስተካከልኩ። ፊቷን አዞረችብኝ። በመጨረሻ ከራቷ ላይ አንድ ጭብጥ ሩዝ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። «በደንብ አላቁጪው» አለች፤ «ቀጥኖ ከተቀባ ይወድቃል።» ወረቀቱ በሩዝ የተለጠፈ ስለሆነ ሲገነጥሉት ሰሌዳውም አብሮ እንዳይላጥ እባክዎ ይጠንቀቁ፤ የኩባንያው ንብረት ነው።

ለቤትዎ ሞገስ፣ ለብርድ ልብስዎ ጥንካሬ፣ ለቀይዋ መስመር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

አንድ ሆድ ያላት፣ አፍ የሌላት፣ አገር ተሸካሚዋ ሠራተኛዎ
ጉ ጆምሬ

ማስታወሻ፦ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ኡይሰንግ እሄዳለሁ። በእኔ ምክንያት አገር እንዳይቆም መደዳዬ ላይ እርስዎ ቢቆሙልኝ ደስ ይለኛል፤ ከቡሳን መንገዱ ቢርቅም ከማድ ቤትዎ ቅርብ ነው። ቅንድብዎ ቢነጣ አይደንግጡ፤ በውሃ ይለቃል። እኔ ዓሣውን በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ እጠብሳለሁ። አባቴ ሽታውን ተከትሎ ቤቱን ያገኛል፤ ወላጅ እናትዎ እንዲያ ብለዋል።