ለጭምቷ ምስክሬ

ውድ ጭምቴ፣

ደህና ነሽ ወይ? ወንድምሽ ቤት ገብተሽ ስልክሽን ከዘጋሽ ወዲህ ወሬሽን የምሰማው ከጎረቤትሽ ነው። እሷም ብትሆን "ደህና ናት፣ ዝም ብላለች" ከማለት ሌላ የምትጨምረው የለም። ዝም ማለትሽ መቼ አዲስ ነገር ሆነና። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያን ሁሉ ዓመት አንሶላ አብረን ስናጥፍ እኔ ስለፈልፍ ነው የኖርኩት፣ አንቺ "እህ" ስትይ። በደብዳቤ የመጣሁብሽም ለዚሁ ነው፤ ይኸኛውን እንደ ስልክ አትዘጊብኝም።

ናፍቀሽኛል። ይኸው፣ ሳልዞር አልኩሽ። አሁን አንሶላ የማጥፈው ከአንዲት አዲስ ልጅ ጋር ነው። ክፋት የላትም፣ ግን ጫፉን ስትጎትት ክንዴን ልትነቅለው ትደርሳለች። አንቺ እኮ ሳልነግርሽ ታውቂ ነበር፤ ስስብ ትለቂያለሽ፣ ስለቅ ትስቢያለሽ።

የችሎቱ ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። አለቃችን፣ ከራሱ ቀድሞ ሽታው ስለሚደርስ "ሽቶው" የምንለው ሰውዬ፣ ስንቴ እጁን እንደሰደደብኝ ታውቂያለሽ። ለአስተዳደር ባመለክት "ማስረጃ አለሽ?" አሉኝ፤ ጭራሽ እኔኑ "አመለ ቢስ" ብለው አባረሩኝ። ክስ ስመሠርት ሰው ሁሉ ሸሸኝ። ልብስ የሚተኩሱት ጋሼ እንኳ "ምንም አላየሁም" አሉ። አንቺ ግን ማንም ሳይለምንሽ መጣሽ።

የሆቴሉ ጠበቃ "ክፍሉ በእንፋሎት የታፈነ ነው፤ እንዴት ልታዪ ቻልሽ?" ሲልሽ፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ጀመርሽ። "የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዤ ነበር። ከኋላዋ መጥቶ ሲይዛት አንሶላው ከእጇ ወደቀ። እሷ አንሶላ ጥላ አታውቅም። ምን ሆነች ብዬ ጠጋ ስል እጁ ወገቧ ላይ ነው። 'ልቀቀኝ' ትለዋለች፣ አይለቃትም።" ዳኛዋ "ከዚያስ?" ሲሉሽ "ከዚያማ እርጥብ ፎጣ ወረወርኩበት" አልሽ። ጸሐፊዋ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። እኔ አለቀስኩ።

ፈረዱልኝ፤ ሥራዬ ላይ ተመለስኩ፣ ሽቶውም ተሸኘ። ደስታዬ ግን ሳምንት አልሞላውም። አንቺን "የሠራተኛ ቅነሳ" ብለው አሰናበቱሽ። ቅነሳው አንቺን ብቻ ቀንሶ አበቃ፤ በማግሥቱ ይህችን ልጅ በቦታሽ ቀጠሩ። ይሄ ቅነሳ ከሆነ እኔም ዘፋኝ ነኝ። "እንክሰሳቸው" ብልሽ "ተይው እቴ፣ ዝም አይነቅዝም" አልሽኝና ጓዝሽን ጠቅልለሽ ሄድሽ።

ይነቅዛል፣ የኔ እመቤት። ከእኔ በፊት ስንቷ ሴት ዝም ብላ ከዚያ ክፍል ወጥታለች? እነሱ ዝም ባሉ ቁጥር እኮ ነው ሰውዬው እየደፈረ እኔ ላይ የደረሰው።

የሠራተኛ ማኅበራችን ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር። "በመመስከሯ ከተባረረች ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ሥራዋ ላይ ልትመለስ ትችላለች" አለችኝ። "እንግዲያው እኔ ልክሰስላት" ብላት ሳቀችብኝ፤ ክሱ ላይ መፈረም ያለብሽ ራስሽ ነሽ። ጊዜም አለው። የሚመጣው ዓርብ ካለፈ አቤቱታሽን የሚቀበል የለም።

ትናንት በምሳ ሰዓት ደግሞ ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። ብዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ያኔ ዓይን ነበረኝ፣ አፍ አልነበረኝም" አሉኝ። "ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙን ሊያስተኩስ መጥቶ በስልክ ሲያወራ ነበር። 'ያቺን ምስክሯን ደግሞ አሳያታለሁ' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔንም ምስክር አስቆጥሩኝ።"

"ጋሼ፣ ቢያባርሩዎትስ?"

"ያባርሩኛ። አንገቴን ደፍቼ ሸሚዝ ስተኩስ አረጀሁ፣ ይበቃኛል።"

ዛሬ ጠዋት ወሬው ደርሶት ነው መሰለኝ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። "የክፍሉ አለቃ አደርግሻለሁ፤ ያቺ ሴትዮ ግን በሄደችበት ትቅር" አለኝ። ልጄ ትዝ አለችኝ፣ የቤት ኪራዩ ትዝ አለኝ። "ላስብበት" ልል ነበር፤ አፌ ቀደመኝና "እኔ ምስክሯ ነኝ" አልኩት። አንቺ ያን ቀን ለእኔ ምን ተሸክመሽ እንደቆምሽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድም ቀን "ፈርቼ ነበር" ብለሽኝ አታውቂም።

እንግዲህ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። "ለራስሽ ብለሽ ነይ" አልልሽም፤ ለራስሽ ብለሽ ምን አድርገሽ ታውቂያለሽ? ለእኔ ስትይ ነይ። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ እንጠብቅሻለን። ጋሼ ኮታቸውን ከአሁኑ ተኩሰው ሰቅለውታል። ፈርሚልን እንጂ ሌላ ምንም አትበይ፤ አንቺ የድርሻሽን ተናግረሻል። አሁን መናገር የኛ ተራ ነው።

የምትወድሽ፣
ለፍላፊዋ