ውስኪውን እሳት ላይ እንዳታደርጊው

ጂቱ፣

ቡናው ፔርሙዝ ውስጥ አለልሽ። መጀመሪያ ብርጭቆውን በፈላ ውሃ አሙቂና ውሃውን ድፊው። ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ቡናውን፣ ከዚያ ውስኪውን ጨምሪበት። መልሰሽ እሳት ላይ እንዳታደርጊው፣ መዓዛው ይጠፋል። ክሬሙን መትቼዋለሁ፤ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያልሽ ከላይ አፍስሺው። አታማስዪው።

ውስኪው አንድ ደስታ ሲመጣ እንከፍተዋለን ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ የደበቅኩት ነው።

ትናንት ጫማሽን እንኳን ሳታወልቂ «አምለሰት፣ ሌንጮ ሽማግሌ ሊልክ ነው» ስትዪኝ፣ እኔ «አብረን የገዛነውን ፍሪጅ ማን ይወስዳል?» አልኩሽ።
«እንጃ» ብለሽ ክፍልሽ ገባሽ።
በርሽ ላይ ቆሜ ነበር። አላንኳኳሁም።

ዛሬ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ወለሉን ወለወልኩ፣ ደግሜ ወለወልኩ። አሁን ከቀበና ድልድይ ሽቅብ እንጦጦ ልወጣ ነው፤ ሳይመሽ እመለሳለሁ። አትደውዪ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼዋለሁ።

ደክሞሽ ከተኛሽ ይገባኛል።
ካልተኛሽ ግን ለእኔም አንድ ብርጭቆ አሙቂልኝና ሌንጮ ምን ብሎ እንደጠየቀሽ፣ አንቺም ምን እንዳልሽው፣ ሳታሳጥሪ ንገሪኝ። ትናንት መጠየቅ የነበረብኝ ይኼን ነበር።

አምለሰት