ለሽርጤ ኪስ የሚሆን ስልክ

ሱንድስቫል፣ ሰኔ መባቻ

እታለሜ፣ ይህ ደብዳቤ ጉልበትሽ ተሽሎሽ ያግኝሽ። የከተማሽ የኢስታድ ነፋስስ እንዴት ይዞሻል? አሁንም በሩን ከእጅሽ ይነጥቅሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ለወግ ያህል አይደለም፤ የምር ደኅና ነኝ።

በፋሲካ፣ “እስከ ሰኔው የበጋ በዓል ስልክ ገዝተሽ ካልለመድሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ እኔ ዘንድ ትመጫለሽ” ብለሽ ቆረጥሽ። እውነትሽን ነው። የሕንፃችን የነዋሪዎች ማኅበር የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን የተራ መያዣ ሰሌዳ ነቅሎ፣ ከእንግዲህ ተራ የሚያዘው በስልክ ብቻ ነው ካለ ወዲህ፣ እኅትሽ የምታጥበው ተራ የያዘ ሰው ሲቀር እየጠበቀች ነበር። ግን እታለም፣ ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት ቤት መውጣት ለእኔ ሞት ነው።

ስለዚህ ገዛሁ። የሱቋ ልጅ መጀመሪያ ያመጣችልኝ የሽንኩርት መክተፊያ የሚያህል ነበር። ሦስት ካሜራ አለው አለችኝ። ማንን ላነሳበት? ሽርጤን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው አሸረጥኩና ኪሱ ውስጥ ከተትኩት፤ ግማሹ ውጭ ቀረ። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ከዚያ አንድ ባዶ ካርቶን እንደ ልብስ ቅርጫት በግራ ክንዴ ታቅፌ፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ብቻ ከዳር እስከ ዳር የሚደረስበትን አምጪ አልኳት። አራተኛው ሆነልኝ። ትንሽ ነው፣ ዋጋው አይጎዳም፣ ፊደሉ ይጎላል፣ ጥሪው ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል፣ አንዴ ከሞላሁት ሦስት ቀን ይቆያል። በጣት አሻራ ይከፈታል ቢባልም የእኔን ጣት አላውቅም አለ፤ የዓሣ ፋብሪካው ሥራ አሻራዬን ድሮ በልቶታል። የእማዬን የልደት ዓመት ቁልፍ አደረግሁለት።

የመጀመሪያውን ተራ ስይዝ ግን ጉድ ሠራሁ። ጣቴ አዳልጦት ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓትን ያዝኩ። የማን ሰዓት መሰለሽ? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት የአቶ ሄልመር! አሥራ አንድ ዓመት ሐሙስ ጠዋት የእሳቸው እንደሆነ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር የተነጋገሩትም በሩ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ብቻ ነበር። እሳቸው የማድረቂያው ወንፊት አልተጠረገም ብለው ይለጥፋሉ፤ እኔ ተጠርጓል፣ መነጽር ይግዙ እላለሁ። ጥፋቴን አልክድም።

ሐሙስ ቅርጫቴን ታቅፌ ብወርድ፣ እሳቸውም ቅርጫታቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ለጠብ ተዘጋጀሁ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ “ሰዓቱ የእርስዎ ነው። እኔ ስልክ የለኝም። ተራ የያዘው ሰው ምናልባት ቢቀር ብዬ ነው” አሉኝ። ለካ ሸሚዛቸውን ገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሲያጥቡ ነው የከረሙት።

እኔስ እንደዚያው ስጠብቅ የከረምኩ አይደለሁ? ቅርጫቱን ከእጃቸው ወስጄ ሁለተኛው ማሽን ውስጥ ገለበጥኩት። ልብሱ እስኪታጠብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስልኬን አገላብጠው አዩት። የሸሚዛቸው ደረት ኪስ ውስጥ ቢከቱት ልክክ አለ። በማግስቱ ሱቅ ወሰድኳቸው፤ ልጅቷ ገና ስታየኝ ካርቶኑን ራሷ አመጣች።

ይኸውልሽ፣ ስልክ ለመድኩ። ሄልመር ግን ዝንጉ ነው፤ ስልኩን መሙላት ይረሳል። የቀረፋ ዳቦ ጋግሮ ሲያበቃ እኔን መጥራት ግን አይረሳም። አሁን ሁለት ስልክ እያለን ሐሙስ የምንይዘው አንድ ተራ ነው። ማሽንም አንድ ይበቃናል፤ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አብረን እንከተዋለን።

እና እታለም፣ ቀለም ያስቀባሽልኝን ክፍል ለእኔ ብለሽ ባዶ አታቆዪው። ለበዓሉ ግን በእንግድነት መምጣታችን አይቀርም። ብቻ ያ አልጋ ጠባብ አልነበር?

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽን ነፋስ ሳይሆን የሚወድሽ ሰው ያንኳኳው።

ከቤቷ ያልወጣችው ታናሽሽ