እንትፍ ያልኩባት ልጅ

ውድ አክስቴ ውዱ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እርስዎን መዋሸት ግን አልሆነልኝም። ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ጌታው በሩን ዘግቶ ለብቻዎ ያንብብልዎ። በስልክ እንዳልነግርዎ እዚህ አሽዶድ የሕንጻው ግድግዳ ስስ ነው። ፈርቻለሁ፣ አክስቴ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈርቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሸክላ ነው። ሮቫ አሌፍ ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት ኒካዮን እንደምሠራ ያውቃሉ፤ ስጠርግ ስወለውል እውላለሁ። ሲጋል የምትባል የእጅ ሥራ አስተማሪ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ልጅ መሆኔን ስትሰማ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብላ፣ ልጆቹን የሰው ምስል መሥራት አስተምሪልኝ አለችኝ። እጄ ጭቃ ከነካ አሥራ አራት ዓመት አልፎት ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ። በእጃችን ሥራ የተነሣ ምን ስም እንደወጣልን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ቀን ሸክላ ሠሪ፣ ማታ ጅብ፣ ሰው በዓይኑ የሚበላ ቡዳ። ግን ይህ እስራኤል ነው፣ እዚህ ማን ቡዳ ይላል ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ። ሰው ደስ ሲለው ሞኝ ይሆናል።

ልጆቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። በፕላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚመጣው ጭቃ እንደኛው አፈር አይሸትም፤ ቢሆንም ገል ፈጭቼ ስቀላቅልበት ሲጋል ገረማት። «ሰው የሚጀመረው ከእግሩ ነው፤ ጭንቅላት መጨረሻ ነው» እያልኩ እርስዎ እንዳሳዩኝ አሳየኋቸው። አንዱ እጅ አልባ ወታደር ሠራ፣ አንዷ አፍንጫው ከፊቱ የሚበልጥ አባቷን ሠራች፤ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሻሃር የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ራሷን ሠራች፣ ከነጉንጉኗ። እጇ እንዴት የተባረከ መሰለዎ! ከምድጃው ስትወጣ ግን ምስሏ ሆዷ ላይ ተሰንጥቃ ነበር። ጭቃው አየር ይዞ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን አፌ አያርፍ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ደረቴን መትቼ «ወይኔ ሆዷን!» አልኩ።

በማግስቱ ሻሃርን ሆዷን አመማት።

ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ዓርብ ቀትር ላይ ለሰንበት ቤቴን ሳጸዳ በሩ ተንኳኳ። እናቷ ሸጋዬ ናት፣ ልጅቷን ተሸክማ ሦስት ፎቅ ወጥታ። የልጅቷ ከንፈር ደርቋል፣ ግንባሯ ይፋጃል። ሆዷን ብነካው ድንጋይ ሆኗል፤ ጮኸች።

«ባንቺአየሁ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ እንትፍ በይባት» አለችኝ።

«አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ኩፓት ሖሊም ክሊኒክ ሄደሽ ሐኪም አላየሽም?»

«መርፌ ሊወጉብኝ! የተበላ ሰው መርፌ ከነካው አያድርም። አንቺው ታውቂ የለ።»

ሸጋዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ያገራችን ልጅ ናት፤ አያቶቿ ቤተ እስራኤልነታቸውን ትተው ቢጠመቁም እንኳ ከዚሁ ስድብ አላመለጡም። ግን ልጅ ሲታመም ሰው የሚያውቀውን ይዞ ነው የሚሮጠው። የታች ቤት በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ያየናል። ብተፋ፣ ቡዳ ነኝ ማለት ነው። ባልተፋ ልጅቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ልጅቷ ደግሞ ሰንበትን የምታልፍ አልመሰለኝም። አምቡላንስ ብጠራ በሯን ቆልፋ እንደማትከፍት ከዓይኗ አወቅሁ።

ተፋሁ። ሦስት ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያም ጮክ ብዬ «እኔ ነኝ የያዝኳት፣ እኔው ለቅቄያታለሁ» አልኩ። «ከእንግዲህ መርፌም ቢላም አይጎዳትም። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ካልወሰድሻት ግን ተመልሼ እይዛታለሁ!»

ሸጋዬ እያለቀሰች ደረጃውን ሮጣ ወረደች። ረሖቮት ሆስፒታል ሲደርሱ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ቀደው አወጡላት። ልጅቷ ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸጋዬ ግን ላገኘችው ሁሉ የምታወራው ስለ ሐኪሞቹ አይደለም።

አሁን ሱቅ ስገባ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይስባሉ። ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ እንዲያውም ከወትሮው አብዝተው ነው፣ ከፍርሃት የተነሣ። የሚፈሩኝን እኔም ፈራኋቸው። የልጅ ፊት እንዳላይ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ባስነጠሰ ቁጥር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ ቢታመምስ? ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ያገራችን ልጆች ነበሩ፤ አንዳቸውም ወደ ሸክላው አልተመለሱም። ሲጋል «ምን ሆነው ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ይህንስ እችለው ነበር። ትናንት ልጄ ዴቦራ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረች።

«እማ፣ ኪታው ሁሉ ሰምቷል፣ አንድ ተማሪ አልቀረም። ቡዳ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ነኝ አልሽ? ለምን አዋረድሽን?»

መልሴን አልጠበቀችም። ያቀረብኩላትን ምግብ ሳትነካ ክፍሏ ገብታ ዘጋች።

ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ፣ አክስቴ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የሩቅ መንደር ሰዎች የታመመ ልጃቸውን በቃሬዛ ይዘው ወለቃ ደጃችን ሲመጡ፣ እርስዎ ከጭቃው ተነሥተው፣ አንድ ቃል ሳይከራከሩ እንትፍ አሉበት። እኔ በንዴት ነደድኩ። ከዚያ ወዲያ ከእጅዎ አልበላሁም። እስራኤል ከገባን በኋላም ርቀቱን እያመካኘሁ ሸሸሁዎ። የማስበው ስለ ስማችን ብቻ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

የፊታችን እሑድ እርስዎ ዘንድ ቅርያት ጋት እመጣለሁ። ዴቦራ እሺ ካለች ይዣት እመጣለሁ፤ እምቢ ካለችም ብቻዬን። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ልጠይቅዎ ሲገባኝ በሠላሳ ዓመት አንዴም ያልጠየቅሁዎ።

ያ ልጅ ዳነ?

የእህትዎ ልጅ
ባንቺአየሁ
አሽዶድ፣ 2005