የአባባ እግርና ልብ

ውድ ወንድሜ ሀያቱ፣ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ነህ? የጅዳ ሙቀት በረድ አለ ወይ? ወገብህንስ ተሻለህ? ናኢማና ልጃችሁ ኢርፋን ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ግን ደክሞናል፣ አልዋሽህም።

በስልክ ስናወራ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ የሆዴን ልነግርህ አልቻልኩም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በጎረቤታችን በሙናዊር እጅ ላኩልህ።

የልብ ድካማቸውን ታውቃለህ። ከክረምቱ ወዲህ ደግሞ የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አብጦ ጫማ ማድረግ አቃታቸው። «ሪህ ነው፣ ሥጋ አብዝቼ ነው» እያሉ ሲኒማ ራስ በኩል ካለው መድኃኒት ቤት ማስታገሻ እየገዙ፣ ለእኛ ሳይነግሩ ይወስዱ ነበር። ባለፈው ሰኞ ሱቃችን ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ሊያወርዱ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸውና ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ጠቆረ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር የሰፈሩ ተሸካሚዎች ከነወንበራቸው አንስተው አስፋልቱ ድረስ አወጡልኝ።

ሆስፒታል ሳንባቸው የቋጠረውን ውሃ በመድኃኒት ቀነሱላቸው። ማስታገሻው ነው ውሃ ያስቋጠራቸው አሉን። በደም ምርመራው ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲዳቸው በጣም ከፍ ብሏል። እኔማ ሥጋ ከተዉ ይወርዳል ብዬ ቀለል አለኝ። ሐኪሟ ግን ኮሪደር ላይ ጠርታኝ፣ «እህቴ፣ ልቡ የደከመ ሰው ላይ ይህ ሲጨምር የሪህ ነገር ብቻ አይደለም። ልብና ኩላሊቱ እየተጎዱ መሆኑን ይጠቁማል። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ቶሎ ቶሎ ሆስፒታል ይተኛሉ፣ ለሕይወታቸውም የበለጠ ያሰጋል። ቁርጡን የሚናገር ምርመራ ግን አይደለም» አለችኝ። ስንት ጊዜ ይቀራቸዋል ብላት፣ «እሱን እኔ አላውቅም። ሩቅ ያለ ልጅ ካላቸው ግን ባይዘገይ ጥሩ ነው» አለች።

አሁን ቤት ናቸው። ጠዋት ጠዋት እመዝናቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ሱቅ እሮጣለሁ። ጨው የሌለው ወጥ አልበላም ብለው ሲያኮርፉ የምለምነው እኔው ነኝ። እማዬ ጉልበቷ ደክሟል። አባባ አንተን እንዳልጠራህ አደራ ብለውኛል፤ «ሥራውን ትቶ ቢመጣ መመለሻ ያጣል» ይላሉ። እሺ አላልኳቸውም።

ትናንት እግራቸውን ሳጥባቸው፣ «ሀያቱ ሲሄድ ጢሙ እንኳ አልበቀለም ነበር። አሁን ሸብቶ ይሆን?» አሉኝ። ወንድሜ፣ ለዒድ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና አሁን ና።

እማዬ ዱዓ ታደርግልሃለች። ናኢማን ሳምልኝ። ኢርፋንን አያቱ ሰላም ብለውታል።

እህትህ ሰአዳ
መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.